የደም ቅባትና የነጭ ደም ሴል ዝምድና ምንድን ነው?

ሙሉ ምርመራ የታዘዘለት ሰው ከላቦራቶሪ ሁለት ወረቀት ይዞ ይወጣል። አንዱ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ነው፤ የነጭ ደም ሴል ቁጥር ያለው እዚያ ላይ ነው። ሌላው ኮሌስትሮል፣ «መጥፎ» ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤል፣ «ጥሩ» የሚባለው ኤችዲኤልና ሌላው የደም ቅባት ትራይግሊሰራይድ የተዘረዘሩበት የቅባት ምርመራ ነው። የመጀመሪያውን ለኢንፌክሽን፣ ሁለተኛውን ለልብ ብለን ለየብቻ እናያቸዋለን። ብዙ ሰው የተመረመረባቸው ጥናቶች ግን ትራይግሊሰራይዱ ከፍ፣ ኤችዲኤሉ ዝቅ ያለ ሰው ነጭ ደም ሴሉም በአማካይ ከፍ እንደሚል ያሳያሉ። ልዩነቱ ግን ጎልቶ አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ጤናማ በሚባለው፣ በማይክሮሊትር ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ባለው ክልል ውስጥ ይቀራል።

ከፊሉ ምክንያት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሲጋራ ኤችዲኤልን ይቀንሳል፣ ነጭ ደም ሴልን ይጨምራል። ቦርጭም እንደዚሁ፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ የተከማቸ ስብ ብግነት (ነጭ ደም ሴሎች የሚሳተፉበት የሰውነት መቆጣት) የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል፣ ትራይግሊሰራይድንም ከፍ ያደርጋል።

ቅባቱና ነጭ ደም ሴሉ ፊት ለፊት የሚገናኙት ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ነው። የበዛ ኤልዲኤል ከግድግዳው ውስጠኛ ሽፋን ሥር ሰርጎ ይቀርና ይበላሻል። ያን ጊዜ ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ ደም ሴሎች ከደሙ ወጥተው ይገቡና ማክሮፌጅ ወደሚባሉት በላተኛ ሴሎች ይለወጣሉ። ቅባቱን ይውጣሉ፤ በቃኝ ግን አያውቁም። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ውስጣቸው በቅባት ጠብታ ከመሞላቱ የተነሳ የሳሙና አረፋ ይመስላሉ፤ አረፋ ሴል የተባሉትም ለዚህ ነው። ሲሞቱ የዋጡትን እዚያው ይዘረግፋሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሊያነሱት ይመጣሉ። ክምሩ በዚህ መንገድ ያድጋል፤ አንድ ቀን ከተቀደደ ደም ይረጋበትና ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ያስከትላል። ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 ኮሌስትሮል በመገባቸው ጥንቸሎች ደም ቅዳ ውስጥ ያየው እንዲህ ያለ ጉዳት ነበር።

መቅኔም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ነጭ ደም ሴል የሚመረተው እዚያ ነው፤ አምራቾቹ ሴሎች ኮሌስትሮል ሲበዛባቸው በብዛት ይባዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ ኮሌስትሮልን ከሴል የሚያስወጡት ፕሮቲኖች የጎደሏቸው አይጦች ነጭ ደም ሴላቸው ከልክ በላይ በዝቶ ተገኝቷል፤ ኤችዲኤል ሲጨመርላቸው ምርቱ ረግቧል። ይህ የአይጥ ውጤት ስለሆነ ለሰው እንዳለ ባይወሰድም አቅጣጫውን ያሳያል።

ይህን ብግነት በመቀነስ በሰው ላይ የተደረገው ትልቁ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆነ። ሃርት አታክ የደረሰባቸው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ኤልዲኤልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚቀንስ መርፌ ዳግም ሃርት አታክን፣ ስትሮክንና በልብ ምክንያት መሞትን በ15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ነገር ግን ገዳይ ኢንፌክሽን በመጠኑ ጨመረ፤ መርፌውም የልብ መድኃኒት ሆኖ አልጸደቀም።

ወረቀቶቹን ሲያዩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሳንባ ምች ወይም ሌላ ከባድ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ነጭ ደም ሴሉ ከፍ ሲል ኤልዲኤሉና ኤችዲኤሉ ይወርዳሉ፣ ትራይግሊሰራይዱ ይጨምራል። ታሞ በተኛበት ሳምንት ኮሌስትሮሉ «ጥሩ ነው» የተባለ ሰው ካገገመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድጋሚ ቢመረመር ይሻላል። ትራይግሊሰራይዱ እጅግ ከፍ ሲል ደግሞ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ወተት ይመስልና የሲቢሲ ማሽኑን ያሳስታል፤ በተለይ ሄሞግሎቢኑን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ደም ሴል ያለ ምንም በሽታ፣ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ኢትዮጵያዊ ጥቂት አይደለም፤ እስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤሎችም ይህ ተመዝግቧል። የዘወትር ጠቅላላ የነጭ ደም ሴል ቁጥሩ 3,500 የሆነ ሰው ከዓመታት በኋላ 7 ሺህ ቢደርስ እጥፍ ሆኗል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም ቀይ ምልክት አይወጣበትም። ስለዚህ የድሮ ውጤትዎን አይጣሉ፤ ለሐኪሙ ከአዲሱ ጋር አብረው ያሳዩት።