የደብረ ብርሃን ሥላሴ ዐፀድ፦ የጎንደር የጽድና የወይራ ደን

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከፋሲል ግቢ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተተከለ ደብር ነው። ጸሐፊዎች አብዝተው የሚያወሱት በጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ዐፀድ ግን ከሥዕሉ ባልተናነሰ የጎንደር ቅርስ ነው።

ደኑ በአብዛኛው የጽድና የወይራ ነው። ያረጀ ጽድ ልጡ በረጃጅም ክር እየተላጠ ይወርዳል፤ ወይራው ግን ግንዱ ቋጠሮ የበዛበትና ጠማማ ነው። በዛፎቹ መካከል የሣር መስክ አለ። በጎንደር ዙሪያ ኮረብታዎችን ባሕር ዛፍ በያዘበት በዚህ ዘመን አገር በቀሎቹን ዛፎች በከተማው መካከል ማየት መታደል ነው።

ደብሩን የተከሉት ታላቁ ዐፄ ኢያሱ (1674–1698 ዓ.ም.) ናቸው። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ እንደ ነበረና በመብረቅ እንደ ጠፋ ይነገራል፤ አሁን የቆመው አራት ማዕዘን ሕንፃ በተሠራበት ዘመን ላይ ሊቃውንት አይስማሙም። የድንጋዩ ቅጽር 12 ክብ ግንቦች አሉት፤ ምሳሌነታቸው የሐዋርያት ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሲያቃጥሉም ደብሩ ተርፏል።

ከሁሉ የሚታወሰው የ1880 ዓ.ም. ጥር ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ድል ከተነሱ በኋላ፣ በሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራው የሱዳን ድርቡሽ ጦር ጎንደር ገባ። አድባራቱ ተቃጠሉ፤ ሕዝቡ ተገደለ፣ ብዙዎችም ተማርከው ተወሰዱ። ደብረ ብርሃን ግን ከጥፋቱ ዳነ። ጦሩ ወደ ቅጽሩ ሲቀርብ የንብ መንጋ ከዐፀዱ ወጥቶ እንዳባረረው፣ በደጁም ቅዱስ ሚካኤል የእሳት ሰይፍ መዞ ቆሞ እንደ ነበር ይነገራል። የጎንደር ሰው ይህን ከአባቶቹ ተቀብሎ እስከ ዛሬ ይተርከዋል።

ዐፀዱን ያቆየው የእምነቱ ክብር ነው፤ የታቦት ማደሪያ ዛፍ እንደ ማገዶ አይታይም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። በዚያው አካባቢ ባደረጉት ሌላ ጥናት ደግሞ ለግጦሽ የገቡ ከብቶች የዛፍ ችግኞችን እንደሚያጠፉ አሳይተዋል። ስለዚህም በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ምእመናን ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል፤ ማሳውም ለእርሻ ተመቸ። የጽድ ችግር ግን በካብ ብቻ አይፈታም። ጽድ ብርሃን ወዳድ ስለሆነ ችግኙ በታላላቆቹ ጥላ ሥር እንደ ወይራው በቀላሉ አያድግም፤ ያረጀው ሲወድቅ ክፍት ቦታ ላይ ተክሎ መንከባከብ ያስፈልጋል።

በጎንደር ከተማ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ግቢም ዛፍ አላጣም። በቀሃ ወንዝ ውኃ ለጥምቀት በሚሞላው የፋሲል መዋኛ ደግሞ የዋርካ ሥሮች የግንቡን ድንጋይ አቅፈው ወርደዋል።