የመድረክ ፍርሃት ምንድን ነው? ብቻውን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለሚሠራ አማተር

መጀመሪያ የሚቀዘቅዙት ጣቶች ናቸው። ከዚያ አፍ ይደርቃል፣ ጉልበት ይከዳል፣ የልብ ምት ከድምፅ ማጉያው ከሚወጣው ከበሮ በላይ ይሰማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ሙዚቃ ሲያቀናብር የከረመ ሰው፣ ሃያ ሰው በተቀመጠበት ካፌ ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ ሲቆም ትናንት ማታ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘው የነበረው ቁልፍ ይጠፋበታል። እኔም በዚህ ውስጥ አልፌያለሁ፤ አሁንም አልፎ አልፎ አልፍበታለሁ።

የመድረክ ፍርሃት ማለት ሰው ለብቻው አሳምሮ የሚሠራውን ነገር በሌሎች ፊት ሊሠራ ሲል፣ አካሉ አደጋ እንደ መጣበት ቆጥሮ የሚሰጠው ምላሽ ነው። የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። በቼሎ ተጫዋችነቱ ዓለም ያወቀው ፓብሎ ካሳልስ በታላላቅ አዳራሾች ለአሥርት ዓመታት ከተጫወተ በኋላ እንኳ፣ ከኮንሰርት በፊት የሚይዘው ጭንቀት እንዳልተወው ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ "ልምድ ሳገኝ ይጠፋል" ብሎ የሚጠብቅ አማተር ምናልባት የማይመጣ ቀን እየጠበቀ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ነው። አንጎል "ተጠንቀቅ" ሲል ዕጢዎቹ አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ተጨማሪ ደም ያገኛሉ፤ የቆዳ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ጣት የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። የማንኛውም ጤነኛ ሰው እጅ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል፣ ዓይን ልብ በማይለው መጠን፣ ይንቀጠቀጣል። አድሬናሊን ይህንኑ ያጎላዋል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ሥራው ይህን ሁሉ ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚደረግ የአካል ዝግጅት አድርጎ ገልጾታል። ጅብ ላጋጠመው መንገደኛ በረከት ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማዞሪያ ቀስ አድርጎ ለሚያዞር ሰው ግን ጭንቅ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ተጫዋች ፍርሃት ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከበሮ መቺው ያንን ጉልበት በክንዱ ያወጣዋል፤ ድምፃዊው በትንፋሹ፤ እስክስታ የሚወርደው በትከሻው። እኛ ቆመን በጣት ጫፍ ነው የምንሠራው። አካል ለሩጫ ተዘጋጅቶ መሮጫ ያጣል፤ የተጠራቀመው ጉልበት በእጅ መንቀጥቀጥ ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ፤ የታዳሚው ዓይን። አዝማሪ ማሲንቆውን ሲጫወት ደጋኑ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል፤ ድምፁ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ታዳሚው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፣ እሱም ይቀበላል፤ ሁለቱም ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ላፕቶፕ ፊት የቆመ ሰው ግን ከሰው ጋር የሚተያየው በስክሪን ጀርባ ነው። "ቀድሞ የተቀዳ ነገር እያጫወተ ይሆን?" የሚለው ጥርጣሬ በታዳሚው ልብ ባይኖርም በተጫዋቹ ልብ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ የቀረበውንና ዛሬ ብዙዎች መድረክ ላይ የሚጠቀሙበትን ኤብልተን ላይቭ የተባለውን ሶፍትዌር ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ሙዚቀኛ ሮበርት ሄንከ፣ ታዳሚው ከላፕቶፕ ጀርባ የሚሠራውን ሥራ ለማየት አለመቻሉን አንስቶ በሰፊው ጽፏል። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ሳይቀሩ የተጨነቁበት ጉዳይ ከሆነ፣ አንድ አማተር ቢጨነቅበት ምን ይደንቃል?

ለዚህ ጥርጣሬ፣ የማይረባ ሥራ እየሠሩ መስሎ መታየት መፍትሔ አይሆንም። እኔ ጠረጴዛውን ወደ ጎን አዙሬ እቆማለሁ፤ ታዳሚው ስክሪኑን ባያይም እጄን ያያል። ከመጀመሬ በፊትም በአንድ ዓረፍተ ነገር የማደርገውን እናገራለሁ፦ "የምትሰሙት የከበሮ ምት አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ነው፤ ዜማውን ግን አሁን እዚሁ ነው የምሠራው።" ይህን ከተናገርኩ በኋላ የምደብቀው ነገር ስለሌለ ትከሻዬ ይላላል።

ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አይጦችን ትክክለኛውን ሳጥን እንዲመርጡ ያሠለጥኑ ነበር፤ የተሳሳተችውን አይጥ በኤሌክትሪክ ይነዝሯታል። ምርጫው ቀላል ሲሆን ጠንከር ያለው ንዝረት ትምህርቱን አፋጠነው። ምርጫው ከባድ ሲሆን ግን ንዝረቱ ሲበረታ አይጦቹ ግራ ተጋቡ። የአካል መቀስቀስ ለቀላል ሥራ ይረዳል፣ ለረቂቅ ሥራ እንቅፋት ይሆናል የሚለው ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ነው። ለእኔ ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ ፍርሃትን ለማጥፋት ከመታገል ይልቅ ለሚንቀጠቀጥ እጅ የሚመች ዝግጅት መሥራት ይሻላል።

ይህን በቅርበት ላሳይ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ሚዲ የተባለው ሥርዓት፣ አንድ ማዞሪያ ከዳር እስከ ዳር የሚያደርገውን ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 127 በሚቆጠሩ ደረጃዎች ይከፋፍለዋል። የሚንቀጠቀጥ ጣት ማዞሪያውን ሁለት ሦስት ደረጃ ወዲያና ወዲህ ወሰደው እንበል። ማዞሪያው ፊልተር ከሆነ፣ ማለትም የድምፁን ብርሃን የሚከድንና የሚገልጥ ማጣሪያ ከሆነ፣ ያ ትንሽ መዛነፍ በአብዛኛው ለጆሮ አይታወቅም። የማሚቶውን መጠን የሚቆጣጠር ከሆነም እንደዚሁ። ነገር ግን ያው ማዞሪያ የኖታውን ከፍታ የሚለውጥ ከሆነ ዜማው ወዲያውኑ ይጣመማል፤ የሙዚቃውን ፍጥነት የሚለውጥ ከሆነም ምቱ ይንገዳገዳል። እጁ ያው እጅ ነው፣ መንቀጥቀጡም ያው ነው፤ ልዩነቱ ማዞሪያው ከምን ጋር እንደ ተገናኘ ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ ያውም ቤቱ ተቀምጦ፣ ልቡ በተረጋጋበት ሰዓት።

ጭንቀት ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከመጀመር በፊት ባሉት ደቂቃዎችና ገና ሲጀመር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች በአንድ ጣት በሚሠራ ሥራ እሞላቸዋለሁ። አንድ ረጅም ድምፅ በአንድ ቁልፍ ይነሣል፤ ፊልተሩ ተከድኖ ስለሚጀምር ከሩቅ የሚሰማ ይመስላል፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቀስ እያልኩ እከፍተዋለሁ። ከበሮው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እጄ ሥራ አገኘ፣ ጆሮዬ ከክፍሉ ድምፅ ጋር ተላመደ፣ ትንፋሼም ተመለሰ። ትንፋሽን በተመለከተ ከማስገቢያው ማስወጫውን ማርዘም ይረዳል፤ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። አየር ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላል።

የመጀመሪያው ዝግጅቴ ሁለት ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥሩ መሣሪያዎች፣ አንድ የከበሮ ድምፅ የሚያወጣ ድራም ማሽን፣ አንድ ላፕቶፕና አሥራ አራት ገመዶች ነበሩት። ቤት ውስጥ ደስ ይል ነበር። መድረክ ላይ ግን እያንዳንዱ ገመድ አንድ ስጋት ሆነብኝ። አሁን ከኃይል ገመዱ ሌላ የምይዘው አራት ገመድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጫፋቸው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል፣ በድንግዝግዝ ብርሃንም ቀይ ከቀይ ጋር ይገጥማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዕቃ ዘርግቶ ድምፅ እስኪወጣ ያለውን ሥራም እንደ ሙዚቃው ሁሉ ሰዓት ይዤ እለማመደዋለሁ። ከመውጣቴ በፊት የላፕቶፑን ኢንተርኔት እዘጋለሁ፤ መልእክት ሲገባ የሚጮኸውንና ስክሪኑን በራሱ የሚያጠፋውንም እዘጋለሁ። ለጀማሪ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ አራት ዜማ።

አንድ ምሽት ሠላሳ በሚሆኑ ሰዎች ፊት ሦስተኛውን ዜማ እንደ ጀመርኩ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጥሏል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ትጓዛለች፤ ድምፅ ግን የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ለወራት የፈራሁት ደረሰ። የሆነው ግን እንዳሰብኩት አልነበረም። መጀመሪያ ድምፆቹን አቀላቅሎ ወደ ማጉያው የሚልከውን ሚክሰር ወደ ዜሮ አወረድኩ፤ ተከፍቶ ከቆየ መብራቱ ሲመለስ ማጉያውን ሊጎዳ የሚችል ኃይለኛ ድምፅ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ዜማውን አቁሜ ወደ መነሻው መለስኩት። "መብራት ሲመጣ ይህኑ ዜማ ከመጀመሪያው እንሰማዋለን" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በስክሪኑ ብርሃን እጄን አየሁት፤ እሱም ጸጥ ብሏል። ሦስት የሚሠራቸው ነገሮች አግኝቶ ስለ ነበር ለመንቀጥቀጥ ጊዜ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ የሚያስፈሩኝን ነገሮች በአንዲት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ጎን እጄ ምን እንደሚያደርግ አሰፍራለሁ። ላፕቶፑ ቢቆም፣ በስልኬ ላይ አሥር ደቂቃ የሚዘልቅ የተዘጋጀ ድምፅ አለ፤ ስልኩ ከሚክሰሩ ጋር አስቀድሞ ተገናኝቷል፤ የስልኩን ድምፅ የሚቆጣጠረውን የሚክሰሩን መግፊያ ከፍ አደርጋለሁ። የተሳሳተ ኖታ ቢገባ፣ አላቆምም፤ ይህ ሙዚቃ በድግግሞሽ የሚኖር ስለሆነ በቀጣዩ ዙር ያው ኖታ እዚያው ቦታ ሲመለስ ጆሮ እንደ ታሰበበት ይቀበለዋል። ወረቀቷን ሚክሰሩ ላይ እለጥፋታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አላያትም።

ስለ ታዳሚው ዓይን ደግሞ ሁለት ጥናቶች ብዙ ረድተውኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ፣ የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሰዎች ወዳሉበት ክፍል የገቡ ተማሪዎችን ይመለከታል። ተማሪዎቹ በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ ካናቴራውን እንዳዩባቸው ገመቱ፤ በእውነት ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ከተመራማሪዎቹ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሌላ ሥራ፣ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ውስጣዊ ጭንቀታቸው ለአድማጭ ከሚታየው በላይ የሚታይ እንደሚመስላቸው አሳዩ፤ ይህን አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ደግሞ የተሻለ ተናገሩ። ማወቁ ብቻ ረዳቸው።

አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለችው የሐርቫርድ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሰዎችን ካራኦኬ አዘፍናለች። ከመዝፈናቸው በፊት "ጓጉቻለሁ" ያሉት፣ "ተጨንቄያለሁ" ካሉት የበለጠ ነጥብ አገኙ። በሁለቱም ስሜት ልብ ይመታል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፤ ስሙ ነው የሚለያየው። "ተረጋጋ" የሚለው የወዳጅ ምክር ብዙ የማይሠራውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚሮጥን ልብ በትእዛዝ ማስቆም ያስቸግራል፤ ስም ማውጣት ግን ይቻላል።

ልምምዱ መድረኩን መምሰል አለበት። ተቀምጦ የተለማመደ ሰው ቆሞ ሲጫወት እጁ በሌላ ከፍታ ላይ ነው። እኔ ጫማዬን አድርጌ፣ ቆሜ፣ መብራቱን ቀንሼ፣ ብሳሳትም ሳላቆም ነው የምለማመደው። ከዚያ ለአንድ ሰው፤ ታላቅ እህቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እያዳመጠች። ከዚያ ለአራት ጓደኞች። ደረጃ በደረጃ ሲሆን አካል ክፍሉ አደገኛ እንዳልሆነ ራሱ ይማራል። ሁልጊዜ የማስበው ሰው ደግሞ አለ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ በኖረባቸው ዓመታት፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ውስጥ ይይዝ ነበር፤ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በኋላው ወንበር ተቀምጦ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የቀድሞ ሥራው እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም አቀፍ መድረኮች ሲመለስ ጣቶቹ ከኪቦርድ ተለይተው አያውቁም ነበር። ጠባብ ቦታና ቁራጭ ጊዜ ልምምድን እንደማይከለክሉ ከእሱ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ለድፍረት ተብሎ የሚጠጣን መጠጥ አልመክርም፤ ፍርሃቱን ቢያደበዝዝም ምቱንና ጆሮንም አብሮ ያደበዝዛል። አንዳንድ ሙዚቀኞች ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ የልብ ምትንና መንቀጥቀጥን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ይወስዳሉ። እነዚህ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም። ፍርሃቱ ከመድረክ አልፎ እንቅልፍ የሚነሳና ከሰው የሚያርቅ ከሆነም ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ሁልጊዜ የምጫወተውን እቀዳለሁ፤ የማዳምጠው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያን ምሽት ጆሮ ጥፋት ብቻ ስለሚሰማ። የመጀመሪያው የካፌ ቅጂዬ አሁንም አለኝ። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ግራ እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ በቀኝ እጄ የያዝኩበትን ቦታ በደንብ አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ መላልሼ አዳምጬዋለሁ፤ ፊልተሩ ቀስ እያለ ሲከፈት ይሰማል፣ ጥግ ላይ አንድ ሲኒ ሲቀመጥ ይሰማል። መንቀጥቀጡ ግን አይሰማም።