ለአልጌ የሚጨመረው «የአፈር ጭማቂ» ምንድን ነው?

ስሙን ሲሰሙ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚያድግ ተክል መሰል ፍጥረት) የሚረባበት ገንዳ ውስጥ ጭቃ መጨመር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ጭቃ ከገባ ውሃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን አያሳልፍም። ያለ ብርሃን ደግሞ አልጌ ወፍ የለም!

የሚፈለገው ከአፈሩ ወደ ውሃው የሚሟሟው ብቻ ነው። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያልነካው ለም አፈር በተጣራ ውሃ ይበጠበጣል፣ ይፈላል፣ እስኪጠልል ይቀመጣል። ከላይ ያለው ቀጭን ሻይ የመሰለ ውሃ ተቀድቶ ይጣራል። ከዚያ ጀርሙ በሙቀት ይገደላል።

ዋናዎቹ የአልጌ ምግቦች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እያሉ ይሄ ሁሉ ለምን? ዋናው ጉዳይ ብረት ነው። ብረት ውሃ ውስጥ ቶሎ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል፤ አልጌው ምግቡ አጠገቡ እያለ ይራባል። የአፈሩ ሂዩሚክ አሲድ (ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚመጣ ነገር) ግን ብረቱን ይዞ ከመዝቀጥ ያድነዋል። ጥቃቅን ማዕድናትና አንዳንድ ቫይታሚኖችም አብረው ይመጣሉ።

መጠኑ ትንሽ ነው፤ በ1 ሊትር የአልጌ ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ የተለመደ ነው። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ግን ለብቻ መጨመራቸው አይቀርም።

ጣጣው አፈር ከአፈር መለያየቱ ነው። ስለዚህ ብዙ ላቦራቶሪዎች ብረት የመያዙን ሥራ ኢዲቲኤ ለሚባል ኬሚካል ሰጥተውታል። አስቸጋሪ ዝርያ ለሚያረባ ሰው ግን አፈሩ አሁንም መሞከር አለበት ባይ ነኝ።