ስፔሻሊቲ ስለመምረጥ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኢንተርንሺፕ (የሕክምና ትምህርት የመጨረሻው የተግባር ጊዜ) ሲገባደድ «ምን ልትገባ ነው?»፣ ማለትም የትኛውን ስፔሻሊቲ (የሕክምና ዘርፍ) ትመርጣለህ የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ብዙ ጀማሪ ሐኪሞች መልሱን የሚይዙት ዋርድ ውስጥ ከሚወራ ወሬ ነው። ደጋግመው ከሚነገሩት ጥቂቶቹ እነሆ።

«በጣም የወደድኩት አታችመንት የኔ ስፔሻሊቲ ነው»

አታችመንት (በየክፍሉ እየተዘዋወሩ የሚሠራበት የልምምድ ጊዜ) ላይ ብዙ ጊዜ የተወደደው ሥራው ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው፤ የሚያስተምር ሲኒየር፣ የማይቆጣ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም)። እነሱ ተከትለዋችሁ አይሄዱም፤ የዘወትሩ ሥራ ግን ይከተላችኋል። ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው ቡአ፣ ትርፍ አንጀት፣ ሐሞት ከረጢት፣ መግል ማፍሰስና ቁስል ማየት ነው። የቆዳ ሕክምና ችፌ፣ ብጉር፣ ጭርትና እከክ ነው። ኒውሮሎጂ ደግሞ ራስ ምታት፣ የሚጥል በሽታና ስትሮክ። ብርቅዬው ኬዝ ራውንድ ላይ ያስደስታል እንጂ ሳምንቱን አይሞላም።

ለመፈተን ይህን ሞክሩ፦ ክፍሉ ውስጥ ሳላችሁ ለ2 ሳምንት በየማታው ሁለት መስመር ጻፉ። በአንዱ ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ያለፈበትን ሥራ፣ በሌላው ደግሞ ሰዓት እያያችሁ የጨረሳችሁትን። መጨረሻ ላይ ስታነቡት የመጀመሪያው መስመር በሰው ስም ከተሞላ የወደዳችሁት ቡድኑን ነው።

«እጁ የሚንቀጠቀጥ ቀዶ ሐኪም አይሆንም»

የማንም ጤነኛ ሰው እጅ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። ቡና፣ እንቅልፍ ማጣትና አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሲኒየር ያብሱታል። ክርን አየር ላይ ተንጠልጥሎ መርፌ መያዣ ሲያዝ ጫፉ ይርገበገባል፤ የእጅ አንጓ ወይም ትንሿ ጣት በሽተኛው ላይ በተነጠፈው ጨርቅ ላይ ስትደገፍ ይረጋል። ይህ በልምምድ የሚመጣ ነው። (ሥራ የሚያስቸግር፣ ሁልጊዜ የሚታይ መንቀጥቀጥ ካለ ግን መመርመር አለበት።)

እኛ የበለጠ ይከብዳል የምንለው ሌላ ነው። ከ5 ቀን በፊት የሰፋችሁት አንጀት አፈሰሰ እንበል፤ በሽተኛው ትኩሳት ይዞታል፣ ሆዱ ተወጥሯል። ቤተሰቡ ፊት ቆማችሁ «እንደገና መክፈት አለብን» ማለት፣ ከዚያም በማግስቱ ሌላ አንጀት መስፋት ትችላላችሁ ወይ?

«ሰመመን ሰጪ አስተኝቶ ቁጭ ይላል»

ቁጭ ካለ ነገሩ በደንብ ስለሄደለት ነው። ጤነኛ አዋቂ ከመተኛቱ በፊት ለ3 ደቂቃ ያህል ንጹህ ኦክስጅን ከሳበ፣ ትንፋሹ ከቆመ በኋላ የደሙ ኦክስጅን እስኪያሽቆለቁል እስከ 8 ደቂቃ ሊገኝ ይችላል። ካልሳበ ያለው 1 ደቂቃ ገደማ ነው። በነፍሰ ጡር፣ በሕፃንና በጣም ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። የመተንፈሻ ቱቦው አልገባ ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ይዞራል። ረጅም ጸጥታንና ድንገተኛ ጭንቀትን በአንድ ቀን መቻል ለሁሉም አይስማማም።

«ሰው የማይወድ ራዲዮሎጂ ወይም ፓቶሎጂ ይግባ»

ራዲዮሎጂስት አልትራሳውንድ የሚያነሳው ከታካሚው አጠገብ ሆኖ ነው፤ ስልኩም ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ፓቶሎጂስትም ቢሆን በሽተኛው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ሳለ የተላከለትን የሰውነት ናሙና አቀዝቅዞ፣ ቆርጦና ቀለም ነክሮ በ20 ደቂቃ ገደማ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል።

«ድንገተኛ ክፍል ሺፍት ስላለው ኑሮው ቀላል ነው»

ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ እውነት ነው። ሌሊትና ቀን እየተፈራረቀ እንቅልፍ ማዛባቱ ግን ከዕድሜ ጋር እየከበደ ይሄዳል። ደግሞም በየትኛውም ክፍል ሬዚደንቱን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ከጨረሰ 10 ዓመት የሆነውን ጠይቁ። «ሥራው እንዴት ነው?» ካላችሁት «ጥሩ ነው» ይላችኋል። «ባለፈው ወር ስንት ሌሊት ተጠራህ? ስንቱ በስልክ አለቀ?» በሉት። ምጥ ሰዓት ስለማይመርጥ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሙ ተነስቶ ይሄዳል፤ የቆዳ ሐኪሙን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ጥሪ ብርቅ ነው።

«አንዴ ከተገባ መውጫ የለም»

አለ፣ ግን ዋጋው ይለያያል። የውስጥ ደዌ ሰፊ ግንድ ነው፤ ከሱ በኋላ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጨጓራና አንጀት፣ ደምና ካንሰር ይከተላሉ። ገና ያልወሰነ ሰው ከሰፊው ቢጀምር ይሻለዋል። ከጠባብ ክፍል ወደ ሌላ የሚዛወር ግን ብዙ ጊዜ ከ1ኛ ዓመት ይጀምራል። ስለዚህ ቦታችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ካለፈው ጊዜ ስንት ወር እንደሚታሰብላችሁ ተቀባዩን ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ።