አንድ ቅጠል፣ ሁለት ፈሳሽ፦ ስለ እሬት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ጡት አልተው ያለ ልጅ ሲያስቸግር እናቶቻችን እሬት ፍለጋ ይወጡ ነበር። የጡታቸውን ጫፍ ትንሽ ይቀቡታል። ልጁ አንዴ ቀምሶ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ ዞር ይላል። ምግብ ሲመረንም «እሬት እሬት አለኝ» እንላለን። ዛሬ ያው ተክል «አሎቬራ» ተብሎ ሻምፑ ላይ፣ ጁስ ላይ፣ የፊት ቅባት ላይ ተለጥፏል። ከአዲሱ ስም ጋር ብዙ ወሬም አብሮ መጣ።

«እሬትና አሎቬራ አንድ ናቸው።» ሙሉ በሙሉ አይደለም። እሬት የብዙ ዘመዳሞች የጋራ ስም ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ከ40 በላይ ዓይነት ይበቅላል። አሎቬራ ግን የመጣው ከዓረብ ምድር ነው፤ አበባው ቢጫ ነው። የብዙዎቹ የእኛ እሬቶች አበባ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ነው። ስለዚህ ስለ አሎቬራ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ከመንገድ ዳር ገደል የቆረጣችሁትን አትጠጡ። ውጭ አገር ለምትኖሩም አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአሎቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች በዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው። ከአገር ቤት ነቅሎ ያለ ፈቃድ በሻንጣ መውሰድ ጣጣ አለው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢጠጣ አይጎዳም።» እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ዋናው ስህተት ይኸው ነው። ቅጠሉን ስትቆርጡት ሁለት ነገር ይወጣል። ከልጣጩ ሥር ቢጫና መራራ ፈሳሽ አለ። መሀሉ ላይ ደግሞ ጠራ ያለ ዝልግልግ አለ፤ እሱ 99 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ቢጫው አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ሆድን ክፉኛ ያስቀምጣል። ቁርጠት ያመጣል፤ ሲደጋገም ፖታሲየም የተባለውን ለልብ ምት የሚያስፈልግ ማዕድን ከሰውነት ያሟጥጣል። የልብ መድኃኒት ወይም ሽንት የሚያሸና ኪኒን ለሚወስድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናትም ጭራሽ ሊጠጡት አይገባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2002 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ዝርዝር አውጥቶታል። የዓለም ካንሰር ምርምር ኤጀንሲም የሙሉ ቅጠሉን ጭማቂ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል፤ ዋናው መነሻው በአይጦች ላይ የታየው የአንጀት ዕጢ ነው። ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ቢጫውን አጣርተው ያወጣሉ። ቤት ውስጥ ቅጠሉን ከነልጣጩ ብሌንደር ውስጥ የሚከት ሰው ግን ሁሉንም አብሮ ይጠጣል።

«ስኳር፣ ጨጓራ፣ ካንሰር፣ ሁሉንም ይፈውሳል።» ካንሰርን ይፈውሳል የሚል ማስረጃ የለም። የደም ስኳርን ጥቂት ሊቀንስ እንደሚችል ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። ግን ይህ ራሱ ለስኳር ሕመምተኛ አደጋ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል።

«ለቃጠሎና ለቁስል ሁሉ ፍቱን ነው።» ለቀላል ቃጠሎ ዝልግልጉ ጥሩ ነው፤ ቆዳውን ያረጥበዋል፤ ቶሎ እንዲድን እንደሚያግዝ የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የተቃጠለውን ቦታ 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ያዙት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል የሚባለውን እርሱት። ጥልቅ ቁስል ግን ሌላ ነገር ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት፣ ክፍት የቀዶ ሕክምና ቁስላቸው ላይ የአሎቬራ ጄል የተደረገላቸው ሴቶች ለመዳን በአማካይ 83 ቀን ፈጀባቸው። ያለ ጄል የታከሙት በ53 ቀን ድነዋል።

«ቁልቋል ነው፤ ውኃ አይፈልግም።» ቁልቋል አይደለም። ይህ ደግሞ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። የአገራችን ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ያ ወተት ቆዳ ይለበልባል፣ ዓይንም ሊያሳውር ይችላል። ነጭ ወተት ካያችሁ እሬት አይደለምና እጃችሁን ታጠቡ። ውኃ ግን እሬትም ይፈልጋል፤ የሚሞተው ሲበዛበት ነው። የመጀመሪያው የእኔ እሬት የሞተው በፍቅር ነው፤ በየማለዳው አጠጣው ነበር። ሥሩ በስብሶ አንድ ቀን በእጄ ተነቅሎ መጣ። አሁን አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ አጠጣለሁ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ። ማሰሮው ከሥር ቀዳዳ አለው፤ አፈሩ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ነው። ክረምት ላይ ከዝናብ አስጠልለዋለሁ። እንደ ደብረ ብርሃን ውርጭ በሚመታው አገር የምትኖሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት።

«ቅጠሉን ቆርጠህ ብትተክለው ይበቅላል።» ብዙውን ጊዜ ይበሰብሳል። ከሥሩ ዙሪያ የሚወጡትን ልጆቹን ለይታችሁ ትከሉ።

«ሌሊት ኦክስጅን ይሰጣል፤ መኝታ ቤት አስቀምጠው።» ሌሊት የሚያደርገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጠራቀም ነው። ኦክስጅን የሚሠራው ብርሃን ሲያገኝ ነው። መኝታ ቤት ቢቀመጥ ጉዳት የለውም፤ መስኮት ዳር ይሁን ብቻ።

ለቆዳ ልትጠቀሙበት ስትፈልጉ ከታች ያለውን ወፍራም ቅጠል ቁረጡ። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ 15 ደቂቃ አቁሙት፤ ቢጫው ይንጠባጠባል። ከዚያ እጠቡት፣ ልጣጩን አንሱ፣ ዝልግልጉን እንደገና አለቅልቁ። ፊታችሁን ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ ላይ ጥቂት ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ፤ አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋል።