የባርቤዶስ ፊሽ ኬክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፊሽ ኬክ ሰራሁ ስል ሀበሻ ጓደኞቼ መጀመሪያ የሚሉኝ «ዓሳ ያለበት ኬክ ደግሞ ምን ይባላል?» ነው። ስለዚህ ከስሙ ልጀምር፣ ጣፋጭ አይደለም፣ ስኳር አይገባበትም፣ ኦቨንም አያየውም። የጨው ዓሳ ተፈርፍሮ ከዱቄት፣ ከሽንኩርት፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከሚያቃጥል ቃሪያ ጋር ይለወስና በማንኪያ እየተጨለፈ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። የሎሚ ያህል ነው፣ ከውጭ ኮሽ ይላል ውስጡ ለስላሳ ነው። እኔ የተማርኩት እዚህ ቶሮንቶ ፎቃችን ላይ ከሚኖሩ የባርቤዶስ ሴትዮ ነው፣ በእድሜ እናቴን ስለሚያክሉ እንደኛ ወግ እማማ እላቸዋለሁ፣ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ራሳቸውም ሲደውሉ «እማማ ነኝ» ይላሉ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ኪችናቸው ቆሜ እያየሁ ነው በደንብ የገባኝ፣ ከዛ በፊት ከኢንተርኔት የለቃቀምኩት ግማሹ ስህተት ነበር።

«የጃማይካ ምግብ አይደል እንዴ?»

ሻሸመኔን ስለምናውቅ ይመስለኛል ለኛ ካሪቢያን ማለት ጃማይካ ነው። ባርቤዶስ ግን ራሷን የቻለች ሀገር ናት፣ እ.ኤ.አ በ1966 ከእንግሊዝ ነጻ ወጣች፣ በ2021 ደግሞ ንግሥቲቱን ርዕሰ ብሔር ማድረጉን ትታ ሪፐብሊክ ሆነች። ስፋቷ 430 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጃማይካ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ጃማይካም የራሷ አላት፣ ስታምፕ ኤንድ ጎ ይሉታል፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ትሪኒዳድ ላይ አክራ ነው፣ ፖርቶ ሪኮ ላይ ባካላይቶ። አክራ የሚለው ስም ከምዕራብ አፍሪካ የተሻገረ ነው፣ ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባዎች ጥራጥሬ ፈጭተው የሚጠብሱትን አካራ ይሉታል። ራስታ ሁሉ ይበላዋል የሚባለውም ልክ አይደለም፣ አይታል የሚሉትን አመጋገብ አጥብቀው የሚይዙት ጨው ስለማይነኩ የጨው ዓሳ ለነሱ አይሆንም።

«ደሴት ስለሆነች ትኩስ ዓሳ ነው የሚጠቀሙት»

በጣም የተስፋፋው ስህተት ይሄ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ትኩስ ቲላፒያ ገዝቼ ነበር የሰራሁት፣ ውሃ አዝሎ ሊጡ ፈሰሰብኝ ጣዕሙም ምንም አልነበረም። ባርቤዶስ ትኩስ ዓሳ አጥታ አይደለም፣ ብሔራዊ ምግባቸው ራሱ በራሪ ዓሳ ከኩኩ ጋር ነው (ኩኩ የበቆሎ ዱቄትና ባሚያ የተገነፋበት ነው)። ፊሽ ኬክ ውስጥ የሚገባው ግን ኮድ የሚባል የቀዝቃዛ ባህር ዓሳ ነው፣ በነሱ ውሃ ውስጥ የማይኖር፣ ከሰሜን አትላንቲክ ጨው ተነስንሶበትና ደርቆ የሚመጣ።

ታዲያ ባህር መሀል የተቀመጠ ሰው ከሌላው የዓለም ጫፍ የደረቀ ዓሳ ለምን ይበላል? መልሱ ሸንኮራ ነው። ከ1640ዎቹ ጀምሮ ደሴቷ ሸንኮራ ብቻ ሆነች፣ በባርነት የመጡት አፍሪካውያን ከንጋት እስከ ማታ እርሻ ላይ ናቸው፣ ዓሳ ላጥምድ ቢሉ ጊዜውን ማን ሰጥቷቸው። ባለ እርሻዎቹ ደግሞ የሚፈልጉት በርካሽ የሚገዛ፣ በሙቀት የማይበላሽ ምግብ ነው። ከኒው ኢንግላንድና (የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ) ከኒውፋውንድላንድ (የካናዳ ምሥራቅ) የሚነሱት ነጋዴዎች ጥሩ ጥሩውን ኮድ ለስፔንና ለፖርቱጋል ይሸጡና የተሰባበረውን፣ በደንብ ያልደረቀውን፣ ሌላ ቦታ የማይፈለገውን ወደ ካሪቢያን ይልኩት ነበር፣ በምላሹ ሞላሰስና ሩም ጭነው ይመለሳሉ። እንግሊዝ ባርነትን ያስቀረችው በ1834 ነው፣ ዓሳው ግን እስካሁን አለ፣ ምክንያቱም እነዛ ሰዎች ያንን የተጣለ ዓሳ ልጆቻቸው የሚናፍቁት ምግብ አድርገውታል። ስለዚህ «የድሃ ምግብ ነው» ሲባል ስሰማ ይከፋኛል። ታሪኩ የግፍ ነው፣ ሙያው ግን የነሱ ነው።

አሁን ርካሽም አይደለም። የኮዱ ቁጥር ተመናምኖ ካናዳ እ.ኤ.አ በጁላይ 1992 የኒውፋውንድላንድን ማጥመድ ዘጋችው፣ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ስራ ፈታ፣ እገዳው የተነሳው በ2024 ነው። በዛ መሀል ሱቆች ውስጥ ሶልትፊሽ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ፖሎክ የሚባል ዘመዱ ሆነ። ፓኬቱን አንብቡ፣ ፖሎክ ቢሆንም ችግር የለውም፣ እማማም ራሳቸው ሁለቱንም ይጠቀማሉ፣ ፖሎኩ ትንሽ ደረቅ ስለሚል ብዙ አትቀቅሉት ብቻ።

«ጨው በጨው ነው፣ አይበላም» ወይም በተቃራኒው «ጨዉ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት»

ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ ምግቡ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። ዓሳውን ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ታሳድሩታላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አይደለም፣ ጨዉ እየወጣ ሲሄድ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ሊበላሽ ይችላል። ጨው ካለበት ወደሌለበት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አንዴ ነክሮ ከመተው ውሃውን ሁለት ሶስት ጊዜ መቀየር ነው ስራውን የሚሰራው። ጠዋት አዲስ ውሃ ጨምራችሁ ለ15 ደቂቃ ገደማ ቀስ እያለ ይቀቀል። ከዛ እማማ የሚያደርጉትን ልንገራችሁ፣ በጣታቸው ከወፍራሙ ቦታ ትንሽ ቆርሰው ያኝኩታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያኝኩት፣ ኮምጨጭ ካደረጋቸው «አንዴ ውሃ» ይሉኛል፣ ዝም ካሉ በቃ ሆኗል ማለት ነው። የሚፈልጉት ለብቻው ሲበላ ትንሽ ጨው የበዛበት የሚመስል ዓሳ ነው፣ ዱቄቱ ውስጥ ሲገባ ይስተካከላላ። ጨዉን ጨርሶ አውጥቶ መልሶ ሊጥ ላይ ጨው የሚጨምር ሰው የቀረውን ጣዕም ሁሉ ከውሃው ጋር ደፍቶታል። ሊጡ ላይ ጨው አይደረግም፣ መጀመሪያ አንድ ጠብሳችሁ ቅመሱ።

ሲቀዘቅዝ በጣት ነው የሚፈረፈረው፣ በማሽን አትፍጩት። የመጀመሪያው ምክንያት እሾህ ነው፣ «አጥንት የለውም» የተባለው ላይ ሁሌ አንድ ሁለት ቀጭን እሾህ አገኛለሁ። ሁለተኛው፣ ስትበሉት የዓሳው ክር ጥርስ ላይ መታወቅ አለበት፣ ሲፈጭ ግን ሊጡ ውስጥ ይጠፋል። ኳንጣ ፍርፍር ስትሰሩ ኳንጣውን ዱቄት አታደርጉትም አይደል፣ እንደዛው።

«ድንች ከሌለው ፊሽ ኬክ አይባልም»

የቦታ ጉዳይ ነው። በርሙዳ ድንች አለው፣ ስቅለት ቀን ሆት ክሮስ በን ከሚባለው ዳቦ ጋር ይበሉታል፣ ኒውፋውንድላንድም ድንች አለው። የባርቤዶሱ የዱቄት ነው።

«ዱቄት ሲበዛ ይበረክታል»፣ «ሊጡ ማደር አለበት»

ለ250 ግራም ዓሳ (ሳይነከር ተመዝኖ) ሁለት ኩባያ ያህል የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት ደቅቆ የተከተፈ፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ማርጆራምና ፐርስሊ። ቅቤው ለጋ ቅቤ ይሁን፣ የተነጠረው የኛ ቅመም ስላለው ሌላ ምግብ ያደርገዋል። ውሃው በልክ ሳይሆን በዓይን ነው፣ እስከ አንድ ኩባያ ሊፈጅ ይችላል ግን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ማንኪያውን ስታዘነብሉት ሊጡ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ቀጥኗል፣ በጣት ካልገፋችሁት የማይወርድ ከሆነ ወፍሯል፣ ቀስ ብሎ ቆረጥ እያለ ሲወድቅ ልክ ነው። እኛ እጃችን ሊጥ ማሸት ስለለመደ ብዙ እንመታዋለን፣ ሲመታ ደግሞ እንደ ዳቦ ይጠነክራል፣ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ማማሰል ነው። አንዷ ጓደኛዬ እንደ እንጀራ ሊጥ አሳድራው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሆነባት፣ እርሾ የለውም እኮ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ሲያድር ጉልበቱን ይጨርሳል። እንደለወሳችሁ፣ ቢበዛ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥበሱት።

«ቃሪያው ለማቃጠል ብቻ ነው፣ ሚጥሚጣ ይተካዋል»

ስኮች ቦኔት የሚባለው የተጨማደደ ኮፍያ የሚመስል ቢጫ ወይም ቀይ ቃሪያ ነው፣ ስትከትፉት የፍራፍሬ ሽታ ይሸታል፣ የሚፈለገውም ያ ሽታ ነው። ፍሬውንና ነጩን ክር አውጥታችሁ ግማሹን ብቻ ብትጨምሩ ሽታው ይመጣል ማቃጠሉ ይቀንሳል። ሚጥሚጣ ኮረሪማና ጨው ስላለው ጣዕሙን ወደ ሌላ ይወስደዋል፣ ስኮች ቦኔት ካጣችሁ የኛ ቃሪያ ይሻላል።

«ዘይቱ ጭስ እስኪል መጋል አለበት»

እንደዛ ከሆነ ውጩ ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። 175 እስከ 180 ዲግሪ ነው፣ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ትንሽ ሊጥ ጣል አድርጉ፣ ወደ ታች ወርዶ አረፋ እያወጣ ቶሎ ከተነሳ ደርሷል። አምስት ስድስት ብቻ በአንዴ፣ ድስቱ ሲጨናነቅ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ይጠጡታል። ማንኪያውን ወደ ዘይቱ አስጠግታችሁ በሌላ ማንኪያ ገፋ ስታደርጉት ጫፍ ጫፉ ላይ ጭራ ጭራ ያወጣል፣ አትጨነቁ፣ ክብ ካልሆነ ብላችሁም አታስተካክሉት፣ እማማ ቤት ልጆቹ የሚሻሙት እሱን ጭራ ነው። ሶስት አራት ደቂቃ፣ አንዴ እየገለበጣችሁ።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እንቁላሉና ቅቤው ግዴታ አይደለም፣ በውሃ ብቻም ይሆናል፣ ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ። የዓሳውን ነገር ግን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ የምፈርደው አይደለም።

«ሶልት ብሬድ ጨው የበዛበት ዳቦ ነው»

አይደለም፣ ስሙ ብቻ ነው፣ ፊሽ ኬኩ የሚበላበት ተራ ክብ ዳቦ ነው፣ ከጣፋጩ ለመለየት የወጣለት ስም ነው የሚመስለኝ። ባርቤዶስ ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ «ብሬድ ኤንድ ቱ» ካላችሁ ዳቦው ተከፍቶ ሁለት ፊሽ ኬክ ገብቶበት ይሰጣችኋል፣ ሰናፍጭና እርድ ያለው ቢጫ የቃሪያ ሶስ ጠብ ይደረግበታል። የኛ ሰው ሰናፍጭ ስለሚወድ ይሄን ክፍል ማንም አይከራከረኝም።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ኮድ ስለሌለ አይሰራም»

አክስቴ በስልክ ያለችኝ ነው። የጨው ዓሳው በቀላሉ ላይገኝ ይችላል፣ ግን ዓሳውን ራሳችሁ ጨው ማስያዝ ትችላላችሁ። የአርባ ምንጭ ነጭ ዓሳ ስጋው ጠንካራ ስለሆነ ከቆሮሶ ይሻላል፣ ፊሌቱን ደረቅ ሻካራ ጨው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቅበሩትና ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አስቀምጡት፣ የሚያወጣውን ውሃ እየደፋችሁ። ከዛ አጥባችሁ ከላይ እንዳልኩት ንከሩ፣ ብዙ ስላልደረቀ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። እንደ ኮዱ የቆየ ጠረን አይኖረውም፣ ክሩ ግን ልክ እንደሱ ነው የሚፈረፈረው። አክስቴ ባለፈው ወር ሰርታ በቪዲዮ አሳየችኝ፣ እማማም አጠገቤ ቁጭ ብለው እያዩ ነበር፣ «ዘይቱ ቀዝቅዟል፣ እሳት ጨምሪ በያት» አሉኝ፣ ነገርኳት፣ ጨመረች።