ጂፒኤስ ምንድን ነው? ሐረጎ ላይ የምትዘለዋ ሰማያዊ ነጥብ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጠመዝማዛው ሐረጎ ላይ ስልኬን አውጥቼ ካርታ ማየት ልማዴ ነው። ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ ያለሁበትን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ አንዳንዴ ከመንገዱ ወጥታ ገና ያልደረስንበት መታጠፊያ ላይ ጉብ ትላለች። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ አባት ስክሪኑን አየት አድርገው «ልጄ፣ ሳተላይቷ ከላይ እያየችን ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አታየንም አባባ!»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጂፒኤስ ስልካችን ከሳተላይቶች በሚሰማው መልእክት ያለበትን ቦታ የሚያሰላበት ዘዴ ነው። ስልካችን ለጂፒኤስ ሳተላይት ምንም ነገር አይልክም፤ ይሰማል እንጂ። የሬዲዮ ጣቢያ ማን እንደሚያዳምጠው እንደማያውቅ ሁሉ ሳተላይቱም እኛን አያውቀንም። ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ «እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱ ይህን ያህል ነው» እያለ ሌት ተቀን ይናገራል። ስልኩ መልእክቱ ስንት ዘግይቶ እንደደረሰው ያሰላል። መብረቅ ብልጭ ሲል ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ የቆጠረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ሦስት ሰከንድ ከቆየ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሳተላይቱን መልእክት የሚያመጣው የሬዲዮ ሞገድ ግን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

አንድ ርቀት ብቻውን አይበቃም። «ከደሴ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ነኝ» ብሎ የሚደውል ሰው በኩታበር በኩል ይሁን በሐይቅ በኩል አይታወቅም። ከሐይቅና ከኮምቦልቻ ያለውንም ርቀት ከነገረን ግን ያለበትን እናገኘዋለን። ስልኩም በሦስት ሳተላይት እንዲሁ ያደርጋል፤ አራተኛው የሚያስፈልገው በሰዓት ምክንያት ነው። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት የሚባል እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ተሸክመዋል፤ የኛ ስልክ ሰዓት ደግሞ ርካሽ ነው። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት 300 ሜትር ያስተናል፤ አራተኛው ሳተላይት ያንን ስህተት ለማረም ነው። (የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ሳይቀር እዚህ ይሠራል፤ የሳተላይቱ ሰዓት ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ስለሚቀድም አስቀድሞ ይስተካከላል።)

ሰማዩ ገላጣ ሲሆን ስልክ ቦታችንን በአምስት ሜትር ገደማ ስህተት ይነግረናል። የደሴን ጉም አትውቀሱ፤ ሞገዱ ጉምን ያልፋል። የሚያግደው ድንጋይ፣ ቆርቆሮና ብሎኬት ነው። ሐረጎ ላይ ተራራው የሰማዩን እኩሌታ ይሸፍናል፤ ይባስ ብሎ ሞገዱ ገደሉን ነክቶ ይመለስና ዘግይቶ ይደርሳል። ስልኩ መዘግየቱን ርቀት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ነጥቧ የምትዘለው ለዚህ ነው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ግርጌ ወርዳችሁ ሎኬሽን ለመላክ ብትሞክሩም ያው ነው፤ ከጉድጓዱ የምትታየው ቁራጭ ሰማይ ናት። አዳዲስ ስልኮች የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ የተባሉ ጂፒኤስ መሰል ሳተላይቶችንም አብረው ስለሚሰሙ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይሻላሉ።

ጂፒኤስ ዳታ አይበላም፤ የሚበላው ካርታው ነው። ኔትወርክ የሚጠቅመው ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ለስልኩ ቶሎ ለመንገር ነው። ከሌለ ስልኩ ይህንኑ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ እስኪሰማ ግማሽ ደቂቃም ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ገላጣ ቦታ ቆማችሁ ጠብቁት። ካርታውን ግን ደሴ ሳላችሁ አውርዱት።

ነጥቧ ልክ ብትሆንም ካርታው ሌላ ጉዳይ ነው። ከደላንታ ጫፍ ወደ መቅደላ ቀጥታ መስመር ብታሰምሩ ቅርብ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ ግን የበሽሎ ሸለቆ አለ። እዚያ የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ መንገዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይነግራችኋል።